ያላባቸው እንስራዎች

ፎርማጆዬ መሰንጠቅ የጀመረው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ ወርጄ የመጀመሪያውን ክብ ከመደርደሪያው ሳነሳ፣ ከዳሩ ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁበት። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ እሱም ተሰንጥቋል። ሦስተኛው ገና ፀጉር የሚያህል መስመር ብቻ ነበረው። አርባ ሁለቱንም አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየሁ። ደህና ሆነው ያገኘኋቸው ከመሬት አጠገብ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን ዘጠኙን ብቻ ነው። የሁለት ወር ልፋቴ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ፊቴ ተደርድሯል። አላለቀስኩም። «ብትሰነጠቁም አልጥላችሁም» አልኳቸውና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ወንድሜ ከማየቱ በፊት መላ ማግኘት ነበረብኝ።

ቤቱ የአባታችን ነው። ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ግድግዳው ክንድ የሚሰፋ የድንጋይ ቤት። ላይኛው ፎቅ መኖሪያ ሲሆን ምድር ቤቱ ሁለት ክፍል ያለው መጋዘን ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ እዚያ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ያከማች ነበር። እሱ ሲሞት የፊቱን ክፍል ታላቅ ወንድሜ ለሱቁ ስኳርና ዱቄት ያዘው። የኋላው ክፍል ባዶውን ቀረ። እኔ ፎርማጆውን ስጀምር ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የተፋታች ሴት ወንድሟ ቤት ስትኖር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች ይባላል። እኔ ዝቅ ማድረጉን ብሞክርም አልሆነልኝም።

ሥራዬ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሙከራ ጠርሙስ አጥቤያለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት መምህራን የሚያሳዩትን ሙከራ አዘጋጅቼ፣ እነሱ ሲያሳዩ ከጎን ቆሜያለሁ። አንድ ክረምት ከውጭ የመጣች አሠልጣኝ ለወተት አቅራቢ ሴቶች ጠንካራ ፎርማጆ አሠራር ልታስተምር ስትል አስተርጓሚ ፈለገችና እኔን ወሰዱኝ። ሴቶቹ ሥልጠናውን የጨረሱት በሳቅ ነው። «አይብ እኮ በማግስቱ ነው የሚበላው! ሁለት ወር የተቀመጠ ምኑ ይበላል?» እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በነገሩ ተማርኬ የቀረሁት አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ወተት ውሃውን ጥሎ ሲረጋ፣ በጨርቅ ሲጨመቅ፣ በድንጋይ ሲጫን፣ ጨው ገብቶት በጣት ሲመቱት ድምፅ የሚሰጥ ክብ ሲሆን አየሁ። በጠርሙስ ካየሁት ሙከራ ሁሉ ይበልጥ ይኸኛው ሙከራ መሰለኝ። በዚያው ዓመት ሥራዬን ለቀቅኩ።

ወንድሜ «አበድሽ?» አለኝ።

«አላበድኩም። የኋላውን ክፍል እፈልገዋለሁ።»

ባዶ ክፍል ስለነበረ፣ ቶሎ ይሰለቻታል ብሎም ስላሰበ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ወተቱን የማገኘው ከከተማው ውጭ ካለው ደጋ፣ ከኮሶዬ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎረቤቶቻቸው ያሰባሰቡትን ወተት በሁለት ጀሪካን ይዘው በማለዳ ሚኒባስ ይመጡ ነበር። አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። ደጋው ብርድ ስለሆነ ወተታቸው ከተማ ሲደርስ ገና ቀዝቃዛ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ጀሪካኑን አስረክበውኝ ከበሩ አልሄድም አሉ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ በይኛ» አሉ።

«ለምን?»

«ጾም ገባ። ሻይ ቤቱም ሆቴሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ላሚቱ ግን ጾም አታውቅ፤ ጠዋትና ማታ ትሰጣለች። ቅቤም ብናደርገው ማን ይገዛናል?»

«ሁዳዴውን ሙሉ ያምጡልኝ።»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ምነው? ይህን ሁሉ እናንተም ብትሆኑ አትጠጡት።»

«አልጠጣውም አያ። አጠነክረዋለሁ። ፋሲካ ሲደርስ ይበስላል።»

አላመኑኝም። ግን ወተቱን ማምጣታቸውን አላቆሙም። ወተቱን የማረጋበትን ዱቄት ከአዲስ አበባ አስመጣ ነበር። የጥጃ ጨጓራ ይሻላል ያሉኝ ነበሩ፤ ግን ጥጃውን ማን አረደው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ክርስቲያን ካረደው የኛ ሰው አይበላም፤ እስላም ካረደው የእነ አያ ሰው አይበላም። ዱቄቱ ከእንስሳ ስላልሆነ ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኘሁበት።

እንግዲህ ያ ሁሉ ወተት ነው አሁን የተሰነጠቀው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ባለሙያ ነው። ስለ ወተት የሚያውቅ፣ ቢሮ ያለው፣ ጥቁር ቦርሳ የማይለየው ሰው ነበር። መጥቶ አየልኝ፤ አላህ ይስጠው። ከቦርሳው ትንሽ መለኪያ አውጥቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፣ ጥቂት ጠበቀና ራሱን ነቀነቀ።

«አየሩ በጣም ደርቋል» አለ። «ፎርማጆ ሲበስል አየሩ እርጥብ ካልሆነ ቅርፊቱ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እርጥበት የሚሰጥ ማሽን ያስፈልግሻል።»

«የት ይገኛል?»

«ከውጭ ነው የሚመጣው። ፕሮጀክት ጽፈሽ አስገቢ፤ ይታያል።»

«እስኪመጣስ?»

«እስኪመጣ ብታቆሚው ይሻላል። በበጋ ጎንደር ላይ ፎርማጆ አይበስልም።»

ይህን ሲናገር ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም የሚያዝንልኝ ይመስል ነበር። እኔን ያናደደኝም ሐዘኑ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሸኝቼው ስመለስ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አየር የሚፈልገው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ከውጭ አይመጣም።

ትምህርት ቤቱ ሊጥላቸው የነበሩ ሁለት ቴርሞሜትሮች ነበሩኝ። ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው፤ የአንዱን ጫፍ በጥጥ ጠቅልዬ ጥጡን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ይህን ሙከራ ለተማሪዎች ስንት ጊዜ አዘጋጅቼዋለሁ። አየሩ ደረቅ ከሆነ የጥጡ ውሃ ቶሎ ይተንና ያኛው ቴርሞሜትር ይቀዘቅዛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን አየሩ ደርቋል ማለት ነው። የኔዎቹ በስምንት መስመር ተለያዩ። ባለሙያው እውነቱን ነው። ግን አሁን መለኪያው በእጄ ነው፤ ማንንም ሳልጠይቅ መሻሻሉንና መባሱን ማየት እችላለሁ።

መጀመሪያ ወለሉ ላይ ውሃ ደፋሁ። እስከ ቀትር ደረቀ። ቀጥዬ ፎርማጆውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንኩ፤ በሦስተኛው ቀን ጨርቁ ሥር ሮዝ የሚመስል ነገር በቀለ። ጨርቁን አወለቅኩና ማሽን ልሠራ ተነሳሁ።

ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጋ ሄጄ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ገዛሁ፤ መዳፍ የምታህል፣ በትንሽ ኃይል የምትዞር። ሰፊ የፕላስቲክ በርሜል አመጣሁ። ጆንያ በቁመቱ ቀድጄ፣ ቁራጮቹን ከበርሜሉ አፍ በሽቦ አንጠልጥዬ፣ ጫፋቸው ታች ያለው ውሃ ውስጥ እንዲነከር አደረግሁ። ጆንያው ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። በርሜሉን ጎኑ ላይ በጋለ ቢላ በስቼ ማራገቢያዋን አስገባሁ፤ በሌላው በኩል አየሩ የሚወጣበት ቱቦ ገጠምኩ። ገመዱን ስሰካ ማራገቢያዋ እንደ ንብ ጮኸች፤ ከቱቦው ቀዝቃዛ፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት አየር ወጣ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ።

ሳቄ አንድ ቀን አልቆየም። ቱቦውን ወደ ፎርማጆው አዙሬው ስለነበር ነፋሱ ፊት ለፊት ያሉትን መታቸውና ከበፊቱ ይበልጥ ተሰነጠቁ። ለካ እርጥብም ቢሆን ነፋስ ነፋስ ነው። ቱቦውን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ያኔ ተሻለ፤ በቴርሞሜትሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አራት ወረደ። በስንጥቆቹ ውስጥ ቅቤ በጨው አሽቼ ሞላሁ።

ያ ዓመት መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ዓመት ነበር። አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። መብራቱ ሲጠፋ ማራገቢያዋ ትቆማለች፤ ማራገቢያዋ ስትቆም የኔ ማሽን ጆንያ የሞላበት በርሜል ብቻ ይሆናል። ግቢያችን ውስጥ የወንድሜ ማኪና ማርሹ ተሰብሮ ከቆመ ወራት አልፎት ነበር። ክዳኑን ከፈትኩና ባትሪውን ፈትቼ ወደ ምድር ቤት ወሰድኩት። ጠይቄ አልወሰድኩም። ብጠይቀው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ መልሱን የማውቀውን ነገር ለምን እጠይቃለሁ?

በአራተኛው ቀን ወንድሜ መካኒክ ይዞ መጣ። ከግቢው ሲጠራኝ ከድምፁ አወቅኩ።

«ባትሪው የት አለ?»

«ታች ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማኪናው ቆሟል ጋሼ። ባትሪው ግን ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይሞታል።»

መካኒኩ ወደ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ። ወንድሜ ደረጃውን ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሌ ገባ። ባትሪውን፣ በርሜሉን፣ ቅቤ የተቀቡትን ክቦች አየ። አፍንጫውን በእጁ ያዘ።

«አባታችን ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? በነገደበት ቤት የሸተተ ወተት!»

«አባታችን የነገደው ቆዳ ነው። ቆዳው ሽቶ ሽቶ ይሸት ነበር እንዴ?»

እጁን ካፍንጫው አወረደ። እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። እሱ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ደብተርም ጫማም የገዛልኝ እሱ ነው። ያን ሁሉ አልረሳሁም። ግን ደብተር የገዛልኝ አንብቤ እንድዘጋው አልነበረም። ባትሪውን ፈትቶ ይዞ ወጣ። ሲወጣ በሩን አልዘጋውም፤ ደረቁ አየር እንዳይገባ እኔ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ማራገቢያዋ በቆመችባቸው ቀናት ጆንያው ውሃ ውስጥ በሰበሰ፤ የበርሜሉ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ኩሬ ሸተተ። ቀጥሎም በፎርማጆዎቹ ላይ ጥቁር ሻጋታ እንደ ጥላሸት ተበተነ። አሥራ አንዱን አወጣሁና ጣልኩ። የቀሩትን በጨው ውሃ አጠብኩ፤ እጄ በጨው ተላጠ። በርሜሉን ወደ ግቢ ጎትቼ ደፋሁት። በመስኮት የሚያየኝ ወንድሜ አለቀላት ብሎ እንዳሰበ ርግጠኛ ነኝ። ወተት መቀበሌን ግን አላቆምኩም። የቆዩት ሲበላሹም አዲስ እየረጋ፣ እየተጨመቀ ነበር።

አያ በዚያው ሳምንት ጀሪካኑን ካስረከቡኝ በኋላ እንደ ልማዳቸው አልሄዱም።

«ሚኒባስ ላይ ወሬ ሰማሁ» አሉ። «ያቺ ሴትዮ ወተትህን በግቢዋ ትደፋዋለች ይሉኛል። የአምላክን ጸጋ የምትደፊው ከሆነ ንገሪኝ። ለጥጃ አጠጣዋለሁ።»

«የደፋሁት የበሰበሰ ውሃ ነው። ይምጡ ይዩ።»

ዝቅ ብለው በበሩ ገቡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች ቆጠሩ። አንዱን ክብ በሁለት እጃቸው አንስተው ክብደቱን ለኩት።

«ይህ ሁሉ ከኛ ላሞች ነው?»

«ሁሉም።»

«ድንጋይ አድርገሽዋል እኮ።» ፈገግ አሉ። ከዚያ ስንጥቁን አይተው ፈገግታቸው ጠፋ። በርሜሉን፣ ጆንያውን፣ ባትሪውን፣ ፈረቃውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ምነው ልጄ በኤሌክትሪክ ነገር ትደክሚያለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ቤት ውሃ የሚቀመጥበት እንስራ ሥሩ በበጋም አይደርቅ። በተለይ አዲስ ተገዝቶ ገና ያልተሟሸ ሲሆን ላቡ ነው የሚወርደው። ሴቶቹ እስኪያሟሹት ድረስ ሲረግሙት ይውላሉ። አንቺ የቸገረሽ እርጥበት ከሆነ፣ እሱ የሚረገምበትን ነገር ነው የምትፈልጊው።»

 አዲስ ሸክላ ጭቃው ዓይን አለው፤ ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያሳልፋል። ሴቶች የሚያሟሹት፣ ማለትም በዘይትና በእሳት የሚደፍኑት፣ ያን ዓይን ለመዝጋት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቼ፣ እንስራ ባለበት አገር ተወልጄ፣ ይህን እኔ አላሰብኩትም። ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ።

በማግስቱ ሸክላ ሠሪዎች ወዳሉበት ወደ ወለቃ ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት እንስራዎቿን ፀሐይ ላይ ደርድራለች። አንዱን ብድግ አድርጋ በጣቷ አንጓ መታችው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ጠብታ አያፈስ» አለችኝ።

«የሚያፈስ የለሽም?»

እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየችው። «ልታሾፊብኝ ነው የመጣሽ?»

«ወላሂ አላሾፍም። ስስ የሆነ፣ ያልተሟሸ፣ ላቡ የሚወርድ እፈልጋለሁ። ስምንት።»

«እንዲህ ያለውን ለማን ብዬ እሠራለሁ? ስሜን ልታጠፊው ነው?»

ለምን እንደምፈልገው አስረዳኋት። ስለ ፎርማጆው ያልኳትን ያመነች አልመሰለኝም፤ ግን ወደ ጓሮዋ ወሰደችኝ። ልትሰብራቸው ያስቀመጠቻቸው፣ እሳት ያልጠገቡ እንስራዎች ነበሯት። «ከኔ መግዛትሽን እንዳትናገሪ» ብላ አስማለችኝ። ስምንቱን በጭድ አስጠቅልዬ በሚኒባስ ጫንኩ። አንዱ መንገድ ላይ ተሰበረ። ሰባት ይዤ ገባሁ።

እንስራዎቹን ከመደርደሪያዎቹ ሥር፣ በጠጠር በተሞሉ ትሪዎች ላይ አስቀመጥኩና በንጹሕ ውሃ ሞላኋቸው። መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። ቀትር ላይ ስገባ ሆዳቸው ጠቁሯል። አመሻሹ ላይ ስነካቸው ጣቴ ረጠበ። በማግስቱ ጠዋት ትሪው ላይ ያለው ጠጠር ያብለጨልጭ ነበር። ማራገቢያዋን ከበርሜሉ ነቅዬ በእንስራዎቹ መካከል አየሩን ቀስ አድርጋ ወደ ግድግዳው እንድትገፋ አስቀመጥኳት፤ መብራት ሲኖር ትረዳቸዋለች፣ መብራት ሲጠፋ እነሱ ያለ እሷ ያልባቸዋል። የሚበሰብስ ጆንያ የለም። በየሦስት ቀኑ አንዱን ባዶ አድርጌ በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ አሞቀዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ቴርሞሜትሮቹ በሁለት መስመር ብቻ ተለያዩ። ደግሜ አየሁ። ጥጡ ደርቆ ይሆን ብዬ ዳሰስኩት፤ አልደረቀም። የፎርማጆዎቹ ቅርፊት እንደ ለፋ ቆዳ ለስልሶ ነበር። በበጋ ጎንደር ላይ ፎርማጆ አይበስልም የተባለው እኔ ክፍል ውስጥ ስህተት ሆነ።

ደስታዬን አንድ ነገር አበላሸው፤ እሱን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ። በእኔ ክፍልና በወንድሜ መጋዘን መካከል ያለው ግድግዳ እንደ ውጭው ግድግዳ ወፍራም አልነበረም። ወንድሜ ስኳሩን እዚያ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ነበር የከመረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን በጡጫ መታው። በእጁ የስኳር ጓል ይዟል።

«ስኳሬን ድንጋይ አደረግሽው!»

ገብቼ አየሁ። ግድግዳውን የነኩት ጆንያዎች በሙሉ ረጥበው ደርቀው ድንጋይ ሆነዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑንም ጠላሁት።

«የተበላሸውን እተካለሁ» አልኩ። «እንስራዎቹን ግን አላወጣም።»

«ከፋሲካ በፊት ካላወጣሽ በእጄ እሰብራቸዋለሁ።»

«ሰባት ናቸው። ብትሰብራቸው ወለቃ ሩቅ አይደለም።»

ሽማግሌ ጠራ። የአባታችን ወዳጆች የነበሩ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ላይኛው ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ ስለ ባትሪው፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ስኳሩ ተናገረ። ውሸት አልተናገረም። ታናሽየው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ታላቅ ወንድም አባት ማለት ነው። ለሰላም ብለሽ ክፍሉን ልቀቂለት።»

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ እሺ እንድል ይጠብቅ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ ባልኩ። ባሌ ቤት ስንት ዓመት ለሰላም ብዬ ነበር የኖርኩት። ሰላሙ ግን የኔ አልነበረም።

«አባት ከሆነ የአባቴን ውርስ ያውቃል» አልኩ። «ሸሪዓው ለሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ይሰጣታል። እኔ ግማሹን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ሱቁን አልጠየቅኩም፤ ላይኛውን ቤት አልጠየቅኩም። የያዝኩት ማንም የማይፈልገውን የኋላ ክፍል ነው። ልቀቂ ከተባልኩ እለቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ድርሻዬን በሙሉ ቆጥራችሁ ስጡኝ።»

 ወንድሜ ምንጣፉን ነበር የሚያየው። ከዚያ ታላቅየው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«እስኪ ነገሩን ልየው» አሉ።

ወረድን። ክፍሉ መሃል ቆመው አየሩን ሳቡ። እጃቸውን በአንዱ እንስራ ሆድ ላይ አሳረፉና እርጥብ መዳፋቸውን አዩት።  ቀጥለው ወደ ወንድሜ መጋዘን ገቡና ከግድግዳው ጋር የተጣበቁትን ጆንያዎች በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«አባትህ ቡናውን እንዲህ ግድግዳ አስነክቶ ያስቀምጥ ነበር?» አሉት።

ወንድሜ ወደ ጆንያዎቹ ዞረ።

«ሳንቃ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ከግድግዳው ክንድ አርቆ። አብሬው ተሸክሜያለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተበላሸውን ስኳር ተኪ። ባትሪም ሆነ ሌላ ዕቃ ሳትጠይቂ አትንኪ። አንተ ስኳርህን ከግድግዳው አርቅ። ክፍሉ የእሷ ነው። ፋቲሃ እናድርግ።»

ስኳሩን ተካሁ። ድንጋይ የሆነውን እኔው ወሰድኩና በሙቀጫ እየወቀጥን ስንት ወር ሻይ ጠጣንበት። ወንድሜ ጆንያዎቹን ሳንቃ ላይ አወጣቸው፤ ከእኔ ጋር ግን እስከ ኢድ አልተነጋገረም። በኢድ እንደ ወጉ መጥቶ እንኳን አደረሰሽ አለኝ፤ እኔም እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩት። ስለ ክፍሉ ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም። ይቅርታ እንዲለኝ አልጠበቅኩም፤ እኔም አላልኩትም።

ፋሲካ ሲያልፍ ከመጀመሪያዎቹ አርባ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ተርፈው ነበር። አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ፒያሳ አጠገብ ቱሪስት የሚያርፍበት ሆቴል ወሰድኩ። ወጥ ቤት ኃላፊው በቢላው ጀርባ መታው፣ ቆረጠው፣ አሸተተው፣ ትንሽ ቁራሽ ምላሱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከአዲስ ዓለም።»

«እሱማ አንቺ ነሽ ከአዲስ ዓለም። ፎርማጆው ከየት አገር ነው የገባው?»

«ከአዲስ ዓለም አልኩህ።»

ደግሞ ቆረሰ። «በየሳምንቱ ታመጫለሽ?» አለኝ።

ለአያም ከዚያው ፎርማጆ ቁራሽ አቀመስኳቸው። ጾሙን ፈተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ለእኔ እንቁላል ይዘው መጥተው ነበር። ቁራሹን አፋቸው ውስጥ ረጅም ጊዜ አቆዩት።

«እውነቱን ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«ሸጋ አይደለም። እግር እግር ይሸታል።» ውጠው አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ወተቱ ሳይደፋ መቅረቱ ግን ሸጋ ነው። ለከርሞ ሁዳዴ የጎረቤቶቼን ወተት በሙሉ አመጣልሻለሁ።»

የመጣው ግን መጀመሪያ ክረምቱ ነው። ሰኔ ሲጋመስ የኋላው ክፍል ግድግዳ ራሱ ማላብ ጀመረ። ቴርሞሜትሮቹ እኩል ሆኑ፤ ጥጥ ያለውና የሌለው አንድ ቁጥር ያሳያሉ። መደርደሪያዎቹ ረጠቡ፤ የፎርማጆዎቹ ቅርፊት ሲነካ የሚያዳልጥ ሆነ። ሰባቱን እንስራዎች ውሃቸውን ደፍቼ ከክፍሉ አወጣኋቸው፤ አልበቃም። ያ ባለ ቦርሳ ባለሙያ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሲሰማ፣ በክረምትም ማድረቂያ ማሽን እንደሚያስፈልግና እሱም ከውጭ እንደሚመጣ ነገረኝ። አመሰገንኩት። ዣንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ገበያ ወረድኩና እርጥበት የሚመጥ ከሰልና ኖራ በጆንያ ጠየቅኩ።